ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲህ ያለው ሱቅ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ጭምቱ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት አለቃው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ቴክኒሻኖቹ ሁሉ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ተሰብስበው አንዱ ስለ ኳስ፣ አንዱ ስለ ሚስቱ፣ አንዱ ስለ አለቃው ሲንጫጩ፣ እሱ ዳቦውን እየገመጠ ያዳምጣል። የጠየቁትን ይመልሳል፤ ያልጠየቁትን አይናገርም። ሳቅ ሲመጣ ከሁሉም ኋላ ይስቃል፣ ያውም በአፍንጫው።

ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ሰው ይወጣዋል። ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ቀጥ ብሎ ሰው ተዘግቶበት ሲጮህ፣ ጭምቱ ከላይ የጨለማው ጉድጓድ አፍ ላይ ይንበረከክና ወሬ ይጀምራል። «አይዞዎት፣ እዚሁ ነኝ። ገመዱ አይበጠስም፣ እንኳን እርስዎን ዝሆን ይችላል። ምሳ በልተዋል? ምን በሉ?» እጁ ብሎን ሲፈታ አፉ አያርፍም። ባልደረቦቹ ይህን ሲሰሙ «ይሄ ሰውዬ አፉን ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ የሚያስቀምጠው?» ይላሉ። እውነትም ቀኑን ሙሉ ለማያውቀው ሰው ሲያወራ ውሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ የወሬ ጠብታ አይተርፈውም ነበር።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍልና በአንዲት ጠረጴዛ የሞላ ኩሽና። የሕንፃው ሊፍት ከቆመ ቆይቷል። ባለ ሕንፃው ሞተር ከሚያስለውጥ ተከራዩን ሁሉ በጀርባው አዝሎ ቢያወጣ ይመርጣል። ጎረቤቶቹ ደረጃ ላይ ጭምቱን ሲያገኙት «ሐኪሙ እኛ ጋ፣ በሽተኛው ደጃችን ላይ!» ብለው ይቀልዱበታል።

አብረውት የሚኖሩት አማቱ ናቸው። የመጡት ልጃቸው፣ የእሱ ሚስት፣ ታማ አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ ነው። አንዲት ትንሽ ሻንጣና አንድ አረንጓዴ ዣንጥላ ይዘው «ጥቂት ቀን ላስታምማት» ብለው ገቡ። ጥቂቱ ቀን ወራት ሆነ። ልጅቱ ከዚያ አልጋ አልተነሳችም። ከቀብሩ በኋላ ዘመድ አዝማዱ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር ቀሩ። እሱ ይቆዩም ይሂዱም አላለ፤ እሳቸውም ልቆይም ልሂድም አላሉ። እንዲሁ ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ።

በመካከላቸው ክፉ ነገር አልነበረም። እሱ ከባድ ዕቃ ያወጣል፣ የጋዙን ሲሊንደር ያስሞላል፤ የዣንጥላቸው እጀታ የተሰነጠቀ ጊዜ ከሥራ ባመጣው ጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ ጠቅልሎ አጠንክሮላቸዋል። እሳቸው ግሪስ የጠጣውን ቱታውን በሁለት እጃቸው ፈትገው ያጥባሉ። ማታ ደግሞ በሥራ ቀን ሁሉ ፓስታ ይሠራሉ። ፓስታ ያልኩት ሌላ ምግብ ጠፍቶ አይደለም። ልጅቱ በታመመች ጊዜ ከጉሮሮዋ የሚወርድላት እሱ ብቻ ስለነበር፣ ሦስቱም ያንኑ ይበሉ ነበር፤ ከእሷ በኋላ የቀሩት ሁለቱ እንዴት እንደሚያቆሙት አላወቁም። እናት ፓስታውን የሚቀቅሉት ለበሽተኛ እንደሚቀቀለው አድርገው ነው፤ ሹካው ሲነካው እስኪበጣጠስ። እሱም ዝም ብሎ ይበላል።

የራት ጨዋታቸው ይህችው ነበረች።

«ቀኑ እንዴት ዋለ?»

«ደህና ነው። እርስዎስ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ፤ ቤት ነው የዋልኩት።»

ከዚያ ሹካና ሳህን ብቻ ነው የሚሰማው። ልጅቱን በስሟ አይጠሯትም። ማንሳት ግድ ሲሆን «እሷ» ይላሉ፤ «እሷ የምትወደው ብርጭቆ»፣ «እሷ የሰቀለችው መጋረጃ»። ያም ቢሆን አልፎ አልፎ ነው።

ነገሩ የሆነው አንድ ማክሰኞ ነው። ጠዋት ሲወጣ አማቱ ከኩሽና ሆነው «ሳልሳው አልቋል፤ ስትመለስ ያዝ፣ ፓስታም ቢሆን አይጠላም» አሉት። ቀኑ ከጅምሩ ጠማማ ነበር። ረፋዱ ላይ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የበር ሮለር ሲቀይር አውራ ጣቱን ቆነጠጠው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ የቢሮ ሕንፃ ላይ ሊፍቱ ቆሞ አንዲት ወፍራም የሒሳብ ሠራተኛ ተዘጋባቸው። ፍሬኑ ነክሶ አልላቀቅ አለ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ጮኹ፣ ቀጥለው አለቀሱ፣ በመጨረሻ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ደም ግፊታቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ዶሮ ሳይቀር አወሩለት። እሱም ከላይ እየመለሰ፣ እየቀለደ፣ እያጽናና ጉሮሮው እስኪደርቅ አወራቸው። በሩ ሲከፈት ሴትዮዋ በነጭ ሸሚዛቸው ግሪስ የለበሰውን ሰው ጥምጥም ብለው አቀፉት። ባልደረቦቹ ሳቁ። እሱ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር የቀረው። ድካሙ አጥንቱ ድረስ ገብቷል።

አውቶቡስ ውስጥ የመስኮት ወንበር አገኘ። ጭንቅላቱን መስታወቱ ላይ ጣል ከማድረጉ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ።

የቀሰቀሰው ሾፌሩ ነው። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ወንድም ዓለም፣ መጨረሻው ነው። ከዚህ ወዲያ ጋራዥ ነው የምገባው፣ ካደርክም አብረን እናድራለን» አለው። ጭምቱ አፉን በእጁ ጠራርጎ ወረደ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የቆመበት ሰፈር ስሙን እንጂ መልኩን የማያውቀው ነበር፤ በአንድ ወገን የቆርቆሮ አጥር፣ በሌላው አንድ ዓይነት ደጃፍ ያላቸው ቤቶች። የሚመለሰው አውቶቡስ ቶሎ የሚመጣ አይመስልም። መጠበቁ ከመሄዱ የባሰ ስለመሰለው በመጣበት አቅጣጫ በእግሩ አዘገመ።

ብዙም ሳይሄድ አንድ ሱቅ አየ። ድሮ ጎማ ቤት የነበረ ቦታ ነው፤ ግድግዳው አዲስ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፣ ሽታው ከሩቅ ያውዳል። ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ ላይ «ሸቀጣ» የሚል ብቻ ተጽፏል። ሠዓሊው «ሸቀጥ» የምትለዋን ሳይጨምር መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሄዷል።

ውስጥ አንዲት ጎልማሳ ሴት ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች። ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች።

«ጤና ይስጥልኝ። ሳልሳ አለ?»

«መኖሩን አለ። የት እንዳለ ነው ችግሩ» አለችና መነጽሯን አወረደች። «እ... ቀይ ነው አይደል? ቀይ ጋ ነው።»

ጭምቱ ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ። ሳልሳው ከቀዩ ሳሙና፣ ከቀይ ሻማና ከቀይ ካልሲ ጋር ተሰልፏል። ቀጥሎ ያለው መደርደሪያ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ሻይ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የወባ ትንኝ መከላከያ።

«አይሳቁብኝ» አለች ባለ ሱቋ፣ እሷው እየሳቀች። «ዕድሜዬን በሙሉ ልብስ ፋብሪካ ነው የሠራሁት፤ ክር በቀለም መለየት ነበር ሥራዬ። ዓይኔ ሲደክም ወጣሁና ይህን ከፈትኩ። ዕቃው የመጣ ዕለት እጄ እንደለመደው ደረደረው። ባለቤቴ ‹የሚበላና የሚታጠብ አንድ ላይ አይሆንም› ብሎ ጮኸ። ግን አሁን ደንበኛው ለምዶታል፣ ማን ይገለብጠዋል?»

«ፓስታስ?»

«ቢጫ ጋ። ከዘይቱና ከስፖንጁ መሀል።»

ጭምቱ ፈገግ አለ። ፓስታውን ሊያነሳ ሲል ግን ድካሙ መልሶ መጣበትና ባንኮኒው ጎን ያለች ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በርጩማዋ ላይ በጨርቅ ቁርጥራጭ የተሰፋ ትራስ ነበረባት።

«ውይ፣ እዚያስ...» አለችና ሴትዮዋ መልሳ «አይ ግድ የለም፣ ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል። የበርጩማዋ ባለቤት ዛሬ መጥተው ሄደዋል» አለችው።

«የማን ናት?»

«የአንዲት እናት ናት። ከተከፈትን ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት ይመጣሉ። መጀመሪያ ቀን ክብሪት ገዙና ‹ትንሽ ልረፍ?› አሉኝ። በበነጋታው ደግሞ መጡ። አሁንማ ቢቀሩ በሩን ነው የማየው። ደንበኛ ሲበዛብኝ ሽንኩርቱን ይለቃቅሙልኛል፤ የተበላሸውን ለብቻ፣ ደህናውን ለብቻ። ያቺን አረንጓዴ ዣንጥላ በፀሐይም በደመናም ይዘው ነው የሚመጡት። ያረጀች ናት፤ እጀታዋ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ‹አዲስ ልግዛልዎት› ብላቸው ‹ምን በወጣት! እንደዚህ አድርጎ የሚያስር የለም› አሉኝ።»

ጭምቱ እጁን ትራሷ ላይ አሳረፈ።

ባለ ሱቋ ሳልሳውን በጨርቅ እየወለወለች ቀጠለች። «ምን ያደርጋል፣ ሊሄዱብኝ ነው። ታናሽ እህታቸው ሌላ ከተማ አሉ፣ እሳቸው ዘንድ። ሻንጣቸውን አዘጋጅተው አልጋ ሥር አድርገዋታል። የልጃቸው ባል ግን ገና አያውቅም። ልጃቸው አርፋ ከእሱ ጋር ነው የሚኖሩት።»

«ክፉ ሰው ነው?» አለ ጭምቱ።

«ኧረ በፍጹም! እንዴት ያለ ጨዋ ነው ይላሉ። ‹ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም› ይላሉ። ከዚያ ይስቁና ‹ደግ ቃልም ወጥቶ አያውቅም› ይላሉ።» ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። «እኔ ከፋኝ። አንድ ቀን ሽንኩርት እየለቀሙ ‹ሰው ከግድግዳ ጋር ምን ያህል ይኖራል?› አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ‹እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ እሱ እንደገና ትዳር ሊይዝ አይችልም፤ ልጅ እግር ነው፣ ቤቱን ልልቀቅለት› ይላሉ ደግሞ። ግን የእሱ ትዳር አይደለም የሚያስኬዳቸው። ዝምታው ነው።»

ጭምቱ ተነሳ። ሒሳቡን ከፍሎ፣ ሳልሳውንና ፓስታውን በብብቱ ይዞ፣ ማን እንደሆነ ሳይናገር፣ «ደህና ያምሹ» እንኳ ሳይል ወጣ። ሴትዮዋ ከኋላው «መንገድ ላይ ይጠንቀቁ፣ በጣም ደክሞዎታል!» ስትል ሰማት።

መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነው። ‹ቤት ነው የዋልኩት› እያሉ በየቀኑ እዚህ ድረስ ይመጣሉ? ገመናዬን ለባለ ሱቅ? ያን ያህል መንገድ በዚያ ጉልበታቸው? አራት ፎቅ ወርደው፣ አራት ፎቅ ወጥተው? ይህን እያሰበ ሲራመድ ንዴቱ ያለ ማንም ገፊ ተናደ። አንዲት አሮጊት፣ ሰው ፍለጋ፣ ያን ሁሉ ደረጃ ስትወርድ በዓይኑ መጣችበት። እሱ ዛሬ አንዲት የማያውቃትን የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ጎረቤቷ ዶሮ ሳይቀር ጠይቋል። አማቱን መጨረሻ የጠየቃቸው ነገር ምን እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረና አቃተው።

ደረጃውን ሲወጣ በየፎቁ ቆመ። ድካሙም ነው፣ ፍርሃቱም ነው።

አማቱ ኩሽና ውስጥ ነበሩ። ውኃው ተጥዶ መፍላት ጀምሯል። ዞር ሳይሉ «ዘገየህ» አሉት።

«እንቅልፍ ወስዶኝ ፌርማታዬን አለፍኩ።»

«ምነው፣ እስከዚህ ደክሞሃል?»

«ደክሞኛል።»

ሳልሳውን ተቀብለው ሊከፍቱ ሲሉ ቆም አሉ። ጣሳውን አዙረው አዩት። እነሱ ሰፈር ያለው ሱቅ ይህን ዓይነት አይሸጥም።

«ይህን ከየት ገዛኸው?»

«ከ‹ሸቀጣ›ው» አለ ጭምቱ።

ውኃው ይንፈቀፈቃል። አማቱ ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ነገረችህ?»

«ማን እንደሆንኩ አታውቅም።»

«ነገረችህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«ነገረችኝ።»

«ወሬኛ!» አሉ አማቱ፤ ቃላቸው እንጂ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «ልነግርህ ነበር። እሑድ ስታርፍ ልነግርህ ነበር። ባለፈውም እሑድ እንዲሁ ብዬ ነበር።»

ጭምቱ ፓስታውን ሰባብሮ ውኃው ውስጥ ጨመረ። ዞር ብሎ ሽንኩርት አነሳ፣ ቢላ አነሳ፣ ሁለቱንም መልሶ አስቀመጠ። ዓይኑ ሞልቶ ነበር። በሽንኩርቱ እንዳያሳብብ ሽንኩርቱ ገና አልተላጠም።

«እኔ...» አለ። «እኔ አነጋገር አላውቅም፣ እማማ።»

«ጉድጓድ ውስጥ ላለ ሰው ስታወራ ትውላለህ ይሉሃል። አለቃህ ለቅሶ የመጣ ጊዜ ነግሮኛል።»

«እሱ ሥራ ነው። እዚያ ምን እንደምል አውቃለሁ። ‹አይዞዎት፣ አሁን ይከፈታል› ነው የምለው። ይከፈታልም። እዚህ ግን...» እጁን በኩሽናው ላይ አወዛወዘ። «እዚህ አፌን ከከፈትኩ የምትወጣው እሷ ናት። እርስዎን አስለቅሳለሁ ብዬ ነው።»

አማቱ በእጃቸው መዳፍ ጠረጴዛውን መታ አደረጉ። «ትውጣ! እኔስ ማንን ልሰማ ነው እዚህ ቤት የተቀመጥኩት? ለፓስታው ነው? አስለቅሰኝ! ልጄ ናት። ካንተ ሌላ እሷን የሚያውቅ ማን ቀረኝ? ለዚያች ለባለ ሱቋ እነግራታለሁ፤ ባዳ ናት፣ አታለቅስብኝም፣ ግን አታውቃትም። ‹እንዲህ ነበረች› እላታለሁ፣ ‹እሺ እማማ› ትለኛለች። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳ ‹አይ፣ እንደዚያ አልነበረችም› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ጭምቱ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። የሚናገረው ነገር ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ሊፍት ትፈራ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ማ?»

«እሷ። ሊፍት ሠራተኛ አግብታ ሊፍት ትፈራ ነበር። በተዋወቅንበት ጊዜ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምትሠራው። ሁልጊዜ በእግሯ ትወጣለች። ‹ስፖርት ነው› ትለኛለች። ተጋብተን ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው እውነቱን የነገረችኝ። ‹እንዳታፍርብኝ ብዬ ነው› አለችኝ።»

አማቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ያለቀሱ መስሎት ደነገጠ። ሲስቁ ነው ያገኛቸው።

«ሳጥኑ ነው! ያ የልብስ ሳጥን! ድብብቆሽ ሲጫወቱ ገብታ ክዳኑ ቆልፎባት፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲፈልጋት ውሎ! ሲከፈት ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹አሸነፍኩ?› አለች። ላቧ እየተንጠፈጠፈ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ‹አሸነፍኩ ወይ?› ነው ያለችው።»

«ይህን አልነገረችኝም» አለ ጭምቱ።

«አየህ?»

ከዚያ ወሬው እንዴት እንደሄደ ሁለቱም በኋላ ማስታወስ አልቻሉም። እሱ የራሱን ካልሲ እያደረገች ትሄድ እንደነበር አወራ። እሳቸው የመጀመሪያ ደመወዟን ተቀብላ ለእናቷ ጫማ ገዝታ፣ ሁለቱም የግራ ሆኖ እንደተገኘ አወሩ። አንዱ ያልሰማውን ሌላው ይሰጣል። ስሟንም ጠሯት፤ መጀመሪያ የጠሩት እናት ናቸው፣ ቀስ ብለው፣ ትኩስ ነገር እንደሚቀምስ ሰው። አለቀሱም፣ ሁለቱም፣ ግን አንዱ ከሌላው ሳይደበቅ።

«ስለ ትዳሩስ የተናገሩት?» አላቸው በመካከል።

«እውነቴን ነው። እኔ እዚህ ተጎልቼ የትኛዋ ሴት ደፍራ ትገባለች?»

«የትኛዋ ሴት እማማ? እኔ የማገኛት ሴት ሁሉ ሊፍት ተዘግቶባት የምትጮህ ናት።»

አማቱ እንደገና ሳቁ። በዚህ መካከል ነው አንድ ሽታ አፍንጫቸውን የመታቸው። ውኃው ተንኖ አልቆ፣ ፓስታው ድስቱ ሥር ተጣብቆ ገንፎ ሆኗል። ከላይ የተረፈውን በማንኪያ ጨልፈው፣ ሳልሳውን በሽንኩርት ሳይሆን እንዲሁ በዘይት ብቻ አሙቀው፣ ደባልቀው በሉት።

«እውነቱን ልንገርዎት?» አለ ጭምቱ ሁለተኛውን ጉርሻ እንደዋጠ። «እኔ ፓስታ ሲጠነክር ነው የምወደው።»

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አሉ አማቱ። «እኔ ደግሞ ጥርስህ የሚያምህ መስሎኝ!»

ሰው ይህን ሲሰማ ‹ታዲያ ቀሩ› ይላል። አልቀሩም። ቃላቸውን ለእህታቸው ሰጥተው ነበርና ሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር ያወጣው፣ ደረጃውን ተሸክሞ ያወረደውና አውቶቡስ ላይ የጫነው ጭምቱ ራሱ ነው። «ሲፈልጉ ይመለሱ» አላቸው። ይህን ለማለት ሌሊቱን ሙሉ ተለማምዶት ነበር።

ያለ እሳቸው የቀረው ቤት ከብዶት ነበር። ከሥራ ሲመለስ ቁልፉን በሩ ውስጥ ከማዞሩ በፊት ቆም ይላል። አንዳንድ ቀን ፌርማታውን ሆን ብሎ ያልፍና «ሸቀጣ»ው ጋ ይወርዳል። ለባለ ሱቋ ማንነቱን ነግሯታል። ሴትዮዋ ፊቷን በሻሿ ሸፍና «መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ!» ብላ ነበር፤ ኋላ ግን የእሳቸውን በርጩማ ሰጠችው። እዚያ ቁጭ ብሎ ስልክ ይደውላል። አማቱ በስልክ መናገር አይወዱም፤ ይጮሃሉ፣ ስንብቱን ሳይጨርሱ ይዘጉታል። ቢሆንም ይደውላል። ቀኑ እንዴት እንደዋለ ሲጠይቁት «ደህና ነው» ብሎ አያቆምም፤ የተዘጉበትን ሰዎች አንድ በአንድ ይነግራቸዋል።

ክረምቱ ሳይወጣ ተመለሱ። ማንም ሂድና አምጣቸው ሳይለው፣ እሱም ይምጡልኝ ሳይል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሻንጣቸውን ይዘው ሱቁ በር ላይ ተገኙ። ባለ ሱቋ ናት ሥራ ላይ እያለ የደወለችለት። ደንግጦ ሲደርስ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ሲለቅሙ አገኛቸው።

«ምነው? ተጣላችሁ?» አላቸው።

«ኧረ ምን ጠብ አለ። ወሬው ገደለኝ እንጂ!» አሉ። «ያቺ እህቴ ከነቃች እስክትተኛ አፏ አይዘጋም። ስለ ኩላሊቷ ብቻ ሁለት ሳምንት አወራችኝ። ዝምታ ናፈቀኝ፤ ትንሽ ዝምታ።» ቀና ብለው አዩት። «ትንሽ ነው ያልኩህ። እንዳታበዛው።»

አሁን ጠዋት ጠዋት ቤቱ ውስጥ ይሆናሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ነው የሚውሉት። ደንበኛ «የምን ሥርዓት ነው ይሄ፣ ሳልሳ ከሳሙና ጋር!» ብሎ ሲቆጣ መልስ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ጭምቱ ከሥራ ሲመለስ እዚያ ይወርድና አብረው ያዘግማሉ። የአማቱ ጉልበት አይቸኩልም፣ የእሱም ደክሟል፤ አንዱ ለአንዱ ሲል ቀስ ማለቱ አይደለም፤ ሁለቱም ከዚያ በላይ መራመድ አይችሉም። አንዳንድ ቀን ሙሉውን መንገድ ያወራሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቀኑ ከብዶ ከሆነ ምንም አይሉም፤ ያ ዓይነቱ ዝምታ ማንንም አያስኬድም።

ባለፈው ሐሙስ ሁለት ሊፍት ባንድ ቀን ቆመውበት ጉሮሮው ደርቆ ነበር የመጣው። ቤት እንደገቡ ውኃውን ጣደ፣ ፓስታውን ጨመረ። አማቱ ሽንኩርት እየከተፉ «ዛሬ ማን ተዘጋብህ?» ብለው ጠየቁት። «ነገ እነግርዎታለሁ፤ ዛሬ አልችልም» አለ። «እሺ፣ ነገ» አሉና ክትፋቸውን ቀጠሉ።